ፈርሱ ሥጋውን እንዳይነካ፦ የግዳይ አያያዝ ከሜዳ እስከ ድስት

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ከታደነ አጋዘን ሥጋ ቤት ውስጥ ቋንጣ ተዘጋጀ። በዚያ ሳቢያ 11 ሰዎች ታመሙ። መርማሪዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለውን ባክቴሪያ ከተረፈው ቋንጣ ላይ አገኙት። ካልደረቀው ጥሬ ሥጋም አገኙት። እንስሳው የተበለተበት መጋዝ ላይም ነበር። የቆዳው ቁራጭ ላይም ነበር።

ይህን ዝርዝር ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት። ቆዳ፣ መጋዝ፣ ሥጋ፣ ቋንጣ፣ ከዚያ ሰው። የአደን ሥጋ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በዚህ መንገድ ነው። ይህ መመሪያም መንገዱን በየመሐሉ ስለመዝጋት ነው።

ብዙ ሰው «የዱር እንስሳ መድኃኒት አልተወጋ፣ መኖ አልበላ፣ ንጹሕ ነው» ይላል። ሥጋው ንጹሕ ነው ማለቱ በከፊል ትክክል ነው። የጤነኛ እንስሳ ሥጋ ከውስጥ ባክቴሪያ የለበትም ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው አንጀቱና ቆዳው ላይ ነው። አጋዘን ኢ. ኮላይን፣ የዱር አሳማ ሳልሞኔላንና የርሲኒያን፣ ዳክዬና ጅግራ ካምፓይሎባክተርን አንጀታቸው ውስጥ ተሸክመው ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። አይከሱም፣ አያነክሱም፣ ፀጉራቸውም አይረግፍም። ስለዚህ እንስሳውን ዓይታችሁ «ይሄስ ጤነኛ ነው» ማለታችሁ ስለ ባክቴሪያው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ደግሞም ቄራ የሚታረድ ከብት የእንስሳት ሐኪም ያየዋል። የሚፈስ ውሃ አለ። ማቀዝቀዣው ክፍል እዚያው ነው። አዳኝ ግን አቧራ ላይ ተንበርክኮ፣ ምናልባትም በመሸ ሰዓት፣ በአንድ ቢላዋ ነው የሚሠራው። ሐኪሙም፣ አራጁም፣ ማቀዝቀዣውም እናንተ ናችሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሱ። የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወቅት፣ የት እንደሚታደን በየአገሩ ሕግ አለው።

ከዚያ ዕቃ አዘጋጁ። ሁለት የተሳሉ ቢላዎች ያዙ። አንዱ ለቆዳ፣ ሌላው ለሥጋ። ብዙ ሰው አንድ ይበቃል ይላል። እኔ አይበቃም ነው የምለው፤ ፀጉር የቆረጠ ስለት ሥጋ ውስጥ ሲገባ የፀጉሩን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚገባው። የሚጣል የፕላስቲክ ጓንት ብዙ ጥንድ ያዙ። ጠንካራ ሲባጎ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም የወረቀት ፎጣ፣ በጀሪካን የመጠጥ ውሃ፣ ሳሙና፣ አየር የሚያስገባ ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ጨምሩ። ከሁሉም በላይ በረዶ። በረዶ የሞላ ሳጥን መኪናው ውስጥ ይጠብቃችሁ። ቀኑ ሞቃት ሆኖ በረዶ ከሌላችሁ ያን ቀን አትተኩሱ። ሥጋው እስከ ቤት አይደርስላችሁም።

2. ከመተኮሳችሁ በፊት ተመልከቱ

ሰው ሲያይ የማይሸሽ፣ የሚንገዳገድ፣ አፉ የሚዝረከረክ፣ አጥንቱ የወጣ እንስሳ ተዉት። ሞቶ ያገኛችሁትን ደግሞ ምንም ትኩስ ቢመስል አትንኩ።

በተለይ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚፈሰው በድን ካያችሁ ቢላዋ አታሳርፉበት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በድኑ ተከፍቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሠራል። ያ ዘር አፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ቦታውን አስታውሳችሁ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ተናገሩ።

3. ተኩሱ

ደረት ላይ ምቱ። ልብና ሳንባ የተመታ እንስሳ ቶሎ ይወድቃል፣ ሆድ ዕቃውም ሳይነካ ይቀራል። ሆዱን የተመታ ግን ፈርሱ ሥጋው ላይ ይረጫል። ብዙ ርቀት ሮጦ እስኪገኝም ሰዓት ያልፋል። ጥርት ያለ ዒላማ ካላገኛችሁ ዛሬ ይለፍ።

4. ሆድ ዕቃውን ማውጣት

ሁሉ ነገር የሚበላሸውም የሚድነውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጊዜ ስጡት፣ ግን አትዘግዩ። እንስሳው እንደወደቀ ወዲያው ጀምሩ። የሞተ እንስሳ አንጀት ውስጥ ጋዝ ይሞላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ የተነፋ አንጀት ደግሞ በቀላሉ ይፈነዳል።

ጓንት አጥልቁ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሁለት ደርቡ። እንስሳውን በጀርባው አስተኙት። ከተቻለ ጭንቅላቱ ከፍ ይበል፣ ፈሳሹ ወደ ታች እንዲወርድ።

መጀመሪያ ፊንጢጣውን ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ቁረጡና ላላ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ውጭ ሳቡት። በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ይህን አትዝለሉት። አንጀቱን ስትጎትቱ በጠጡ ዳሌው ውስጥ እንዳይፈስ የሚያግደው ያ ቋጠሮ ብቻ ነው። ከላይም የምግብ ቧንቧውን ፈልጋችሁ እሰሩት። በተለይ የሚያመሰኳ እንስሳ ከሆነ የጨጓራው ፈርስ በአፉ በኩል ተመልሶ ይወጣል።

ቆዳውን ስትቀዱ ስለቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዙር። ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ፣ ሁለት ጣት አስገቡ፣ ቢላዋውን በጣቶቻችሁ መካከል ወደ ላይ አዙራችሁ ቅደዱ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ይገኛል። ፀጉሩ ሥጋው ላይ አይራገፍም። የቢላዋው ጫፍም ጨጓራውን አይወጋም። ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ወደ ሥጋው ቢላዋ ቀይሩ።

ደረቱንና ሆዱን የሚለየውን ስስ ሥጋ ከጎድኑ ላይ አላቁት። ከዚያ ሆድ ዕቃውን በሙሉ አንድ ላይ ወደ ጎን አንከባሉት። የሽንት ፊኛውን ከላይ ቆንጥጣችሁ ያዙና ሳይፈስ አውጡት። ሐሞቱንም እንዲሁ። ጓንታችሁ ፈርስ ከነካ አውልቁት፣ አዲስ አጥልቁ። ጓንት ርካሽ ነው፣ አትቆጥቡት።

ፈርስ ከፈሰሰስ? አትደንግጡ፣ ግን ውሃም አታፍስሱበት። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አጠገብ ካለ ወንዝ ውሃ ቀድቶ ማጠብ ነው። የወንዝ ውሃ የራሱ ባክቴሪያ አለው። አንድ ቦታ የነበረውን ቆሻሻም ወደ ሁሉም ቦታ ያደርሰዋል። ሥጋውን እርጥብ አድርጎ ይተወዋል፤ ባክቴሪያ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። የተነካውን ቦታ በንጹሕ ቢላዋ፣ ከዙሪያው ንጹሕ የሚመስለውንም ጨምራችሁ፣ ቆርጣችሁ ጣሉት። ደሙን በወረቀት ፎጣ አድርቁት። ማጠብ ግድ ከሆነ በመጠጥ ውሃ ብቻ እጠቡና ወዲያው በደንብ አድርቁ። ጥይቱ ባለፈበት ዙሪያ ያለውን የተጨማለቀ ሥጋም ሳትሳሱ አንሱት። እዚያ ፀጉር አለ፣ ቆሻሻ አለ፣ የእርሳስ ስባሪም ሊኖር ይችላል።

5. የወጣውን እዩ

የወጣውን ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡትና ተመልከቱት። ጉበቱ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም ሸካራ ነው? ሳንባው ወይም የጎድኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ እባጭ ወይም ጓል አለ? ንፍፊቶቹ አብጠዋል? መግል አለ? ገና ትኩስ ሆኖ ይሸታል? አንዱም ካለ ሥጋውን አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ። የሚያይላችሁ የእንስሳት ሐኪም ካለ አሳዩት። አጋዘን ላይ የሚገኝ የሳንባ እባጭ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።

ጥንቸል ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ጉበቷ ወይም ጣፊያዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለ ቱላሬሚያ ሊሆን ይችላል። በሽታው ስሙን ያገኘው በካሊፎርኒያ ካለው የቱላሬ አውራጃ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1911 በመሬት ሽኮኮዎች ላይ ነበር የታወቀው። ከ10 እስከ 50 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ። በትንሽ ጭረት ይገባሉ፣ በተነካ ዓይንም ይገባሉ። መብላት እንኳን አያስፈልግም፣ መግፈፉ ይበቃል። ጥንቸል ያለ ጓንት አትግፈፉ። የዱር አሳማንም እንዲሁ፤ ደሙና ፈሳሹ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል።

ሆድ ዕቃውን እዚያው አትተዉት። ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ቅበሩት ወይም ይዛችሁት ሂዱ። ጥሬውን ለውሻ መስጠት በሽታውን በውሻው በኩል ወደ ቤት ማስገባት ነው።

6. ማቀዝቀዝ

ቁጥሯን እንቁጠር። ምቹ ሙቀት ያገኘ ኢ. ኮላይ በ20 ደቂቃ ገደማ ራሱን ያባዛል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት። በ7 ሰዓት 21 ጊዜ ተባዛ ማለት ነው። ከአንድ ተነስቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ገና የሞተ እንስሳ ሥጋ ደግሞ ልክ ባክቴሪያ የሚመቸው ሙቀት አለው።

አደገኛው ክልል ከ4 እስከ 60 ድግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ትልልቅ ግዳይ ከ7 ድግሪ፣ ትንንሹ ከ4 ድግሪ እንዳይበልጥ ያዛል። ለቤት 4ን ያዙ፣ አንድ ቁጥር ማስታወስ ይቀላል።

የሆዱን ግራና ቀኝ በንጹሕ እንጨት ወጥሩት፣ አየር ይግባ። ጥላ ሥር አድርጉት። በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ፕላስቲክ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ዝንብ እንዳይደርስበት የጨርቅ ከረጢቱን አልብሱት። አየሩ ከ4 ድግሪ በላይ ከሆነ ቆዳውን ቶሎ ግፈፉ፤ ቆዳ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚያገለግለው። ግን መሬት ላይ አትግፈፉት፣ ስቀሉት። የፀጉሩ ፊት ወደ ውጭ እየታጠፈ ይውረድ። አንዱ እጅ ቆዳውን፣ ሌላው ሥጋውን ይያዝ፣ አይቀያየሩ።

ለመቀዝቀዝ የሚዘገየው ታፋው ውስጥ፣ አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ነው። ከውጭ ስትነኩት ቀዝቃዛ ነው፣ ውስጡ ግን ገና ይሞቃል። ትልቅ እንስሳ ከሆነ በልቱትና ብልቶቹን ለየብቻ በረዶ መሐል አድርጉ። በረዶው በከረጢት ይሁን፣ የሟሟው ውሃ ሥጋውን እንዳያጠልቀው። በመኪና ስትጭኑ ከሞተሩ ራቅ አድርጉት፣ ጣሪያ ላይ ለፀሐይና ለአቧራ አታስጡት።

ወፍ ከሆነ ትንሽ ስለሆነች «ቤት እደርሳለሁ» አትበሉ። እዚያው ሆድ ዕቃዋን አውጡ። የሞቁ ወፎችን ከረጢት ውስጥ መከመር ሁሉንም እንዲሞቁ ማድረግ ነው።

ሥጋውን ለማለስለስ ለቀናት ማንጠልጠል የምትፈልጉ ከሆነ ከ0 እስከ 4 ድግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ይሁን። ፈርስ የነካውን ደግሞ ጨርሶ አታቆዩት።

7. ቤት ስትደርሱ

ጥሬ የግዳይ ሥጋ የነካ መክተፊያ ሰላጣ አይነካም። ለዚህ ሥራ የተለየ መክተፊያ ይኑራችሁ። ቢላዋውን፣ መጋዙን፣ ጠረጴዛውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በበረኪና አሽሹት። 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ስብና ደም ባለበት በረኪና አቅሙን ያጣል። መጋዙን አትርሱ። የኦሪገኑን መጋዝ አስታውሱ። እጃችሁን ቢያንስ 20 ሰከንድ በሳሙና እጠቡ።

ልጆች በሥራው እንዲሳተፉ መፈለግ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሚኒሶታ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ አጋዘን ቆራርጠው ሥጋውን ጠበሱ። 29 ሰዎች በኢ. ኮላይ ታመሙ። ጥሬውን ሥጋ መንካት ብቻውን ከመታመም ጋር ተያይዞ ተገኘ። ትንንሽ ልጆችን ከጥሬው ሥጋ አርቁ። በዚህ ባክቴሪያ ኩላሊታቸው የሚጎዳው በብዛት ከ5 ዓመት በታች ያሉት ናቸው።

የምትፈጩትን ሥጋ ምረጡ። ሙሉ ብልት ላይ ባክቴሪያው ያለው ከላይ ነው፣ እሳቱ መጀመሪያ የሚያገኘውም ላዩን ነው። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ንጹሑን ብቻ ፍጩ፣ የጥይት ቦታ አጠገብ የነበረውን አታስገቡ።

የተፈጨውን ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ ሙሉ ብልቱን ከ3 እስከ 5 ቀን አቆዩ። ከዚያ ካለፈ ፍሪዘር። ፍሪጅ ሁሉንም አያቆምም፤ ሊስቴሪያና የርሲኒያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በፍሪጅ ቅዝቃዜም ያድጋሉ። ፍሪዘር ደግሞ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ሥጋው ሲቀልጥ ይነቃሉ። ስታቀልጡም ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታች፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ይሁን።

8. ማብሰል

የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የዱር ሥጋ በተፈጥሮው ጠቆር ስለሚል ቀለሙን ዓይቶ «በሰለ» ማለት ያሳስታል። ቴርሞሜትሩን ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ ሰኩት።

የተፈጨ ሥጋ 71 ድግሪ። ወፍ 74 ድግሪ። የተረፈ ወጥ ሲሞቅ 74 ድግሪ። ለከብት ሙሉ ብልት በአሜሪካ የተቀመጠው 63 ድግሪና ከእሳት ወርዶ የ3 ደቂቃ ዕረፍት ነው። እኔ ግን ሜዳ ላይ ለተበለተ ሥጋ ሁሉ 71ን ነው የምመክረው። ጥይት ያለፈበት፣ ቢላዋ የገባበት ሥጋ ውስጡ እንደ ቄራ ሥጋ ነው ብሎ መተማመን ይከብዳል። ለዱር አሳማና ለድብ ከ71 በታች አይሞከርም። እነሱ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ይሸከማሉ፤ በቀዝቃዛ አገር የዱር እንስሳት ላይ ያለው ዓይነት ደግሞ ፍሪዘርን ይቋቋማል።

በጥሬው ወይም ለብ አድርጎ መብላትስ? አትብሉት። ከ100 ያነሱ የኢ. ኮላይ ኦ157 ሕዋሳት ሊያሳምሙ ይችላሉ። ሎሚ፣ አልኮልና በርበሬ ጣዕም ይጨምሩ እንደሆን እንጂ የማብሰልን ሥራ አይሠሩም።

ቋንጣ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኦሪገኑ ሥጋ የደረቀው ከ52 እስከ 57 ድግሪ ባለ ሙቀት ነበር፣ ያውም ለብዙ ሰዓት። ባክቴሪያው ግን ተረፈ። ሥጋ ሲደርቅ ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዘዋል፤ ባክቴሪያውም ከሥጋው ጋር እየደረቀ ሙቀትን መቋቋም ይለምዳል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። የተቆረጠውን ሥጋ ገና እርጥብ ሳለ በእንፋሎት ወይም በምድጃ 71 ድግሪ አድርሱት፣ ወፍ ከሆነ 74። ከዚያ ከ54 እስከ 60 ድግሪ ባለ ሙቀት አድርቁት። ጨውና ጭስ ይረዳሉ፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም።

9. ሰው ከታመመ

ካምፓይሎባክተር ሥጋው ከተበላ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው ሕመሙ የሚጀምረው። ሳልሞኔላ በ6 ሰዓትም ሊጀምር ይችላል፣ በ6 ቀንም። ኢ. ኮላይ ኦ157 ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4ኛው ቀን ይመጣል። ስለዚህ ትናንት የበላችሁትን ብቻ አትጠርጥሩ።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቤት ያለ አንቲባዮቲክ ወይም ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን አትውሰዱ፤ በዚህ ዓይነቱ ኢ. ኮላይ ሊያባብሱት ይችላሉ። ልጅ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ፊቱ ከገረጣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ነፍሰ ጡር ትኩሳት ካላትም እንዲሁ፤ ሊስቴሪያ ከተበላ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ለሐኪሙ የግዳይ ሥጋ መንካታችሁን ወይም መብላታችሁን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ብሩሴላ ወራት ቆይቶ በሚመላለስ ትኩሳት፣ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ሊታይ ይችላል። ያኔ አሳማውን የገፈፋችሁበት ቀን ትዝ ላይላችሁ ይችላል። የገፈፋችሁበትን ቀንና የእንስሳውን ዓይነት የምትጽፉበት ማስታወሻ ከጓንቱ ጋር አብሮ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።